ወደ ስፓይናል ታፕ በየት በኩል ይገባል? የውሸት የሮክ ዘጋቢ ፊልሞች መምረጫ

ስፓይናል ታፕ ለፊልም ተብሎ የተፈጠረ ባንድ ነው። ዕድሜው ግን ከብዙ እውነተኛ ባንዶች በልጧል። በ1992 ለፍሬዲ ሜርኩሪ መታሰቢያ በተዘጋጀው ኮንሰርት፣ በ2007 ደግሞ በላይቭ ኧርዝ፣ ሁለቱንም ጊዜ ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም ውስጥ ተጫውቷል። በ2009 በእንግሊዙ የሙዚቃ ፌስቲቫል ግላስተንበሪ ላይ ወጥቷል። አባላቱን የሚጫወቱት ተዋናዮች ቃለ መጠይቅ ሲሰጡ ብዙ ጊዜ ዊጋቸውን አጥልቀው፣ የእንግሊዞች አነጋገራቸውን ይዘው፣ ፊታቸውን ሳይፈቱ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ሁሉ መነሻ በማርች 1984 አሜሪካ ውስጥ የወጣው «ዚስ ኢዝ ስፓይናል ታፕ» ነው። ሲኒማ ቤት ገብቶ ያየው ሰው ብዙ አልነበረም። ፍቅሩ የመጣው በኋላ በቪዲዮ ካሴት ነው። በተለይ ሙዚቀኞች ቱር ላይ እያሉ እየደጋገሙ የሚያዩት፣ ንግግሩን በቃላቸው የሚወጡት ፊልም ሆነ። በ2002 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ይገባቸዋል ብሎ ከመዘገባቸው ፊልሞች አንዱ አደረገው።

ዛሬ «እስቲ ልየው» የሚል ሰው የሚያጋጥመው ችግር የምርጫ ብዛት ነው። ብዙ ዓይነት የዲስክ እትም አለ፤ በ2025 የወጣ ተከታይ ፊልም አለ፤ «ይህን ከወደድክ ያንን እይ» ተብለው የሚነሱ ግማሽ ደርዘን ሌሎች ፊልሞች አሉ። በተሳሳተው የጀመረ ሰው «ምኑ ነው የሚያስቀው?» ብሎ ይተወዋል፤ ይህም የሚደርሰው አልፎ አልፎ አይደለም።

መጀመሪያ የ1984ቱን፤ ግን እንዴት?

የመጀመሪያው ምርጫ አያከራክርም፤ 82 ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ስለሆነ ጊዜም አይወስድም። ሮብ ራይነር ዳይሬክት ያደረገው ሲሆን ራሱም ማርቲ ዲቤርጊ የተባለውን ዘጋቢ ሆኖ ይጫወታል። ክሪስቶፈር ጌስት ናይጀል ተፍነልን፣ ማይክል መኪን ዴቪድ ሴንት ሀቢንስን፣ ሃሪ ሺረር ቤዝ ተጫዋቹን ዴሪክ ስሞልስን ሆነዋል። ንግግሩ አብዛኛው ተጽፎ የተጠና አይደለም። የእያንዳንዱ ትዕይንት ሐሳብ ተይዞ ተዋናዮቹ በቦታው እያወሩ ነው የተቀረጸው፤ ከዚያ ከብዙ ሰዓት ቀረጻ ውስጥ ተመርጦ ተቆረጠ። ሰዎቹ የሚደራረቡት፣ ቃል የሚውጡት፣ ዝም ብለው የሚተያዩት ለዚህ ነው።

አስቂኙን ቅንጭብ ኢንተርኔት ላይ አይቶ ወደ ፊልሙ መሄድ አይመከርም። ፊልሙ ቀልዱን የሚያመርተው ቀስ ብሎ ነው። ባንዱ አሜሪካ ውስጥ አዲስ አልበም ይዞ ቱር ይጀምራል፤ አዳራሹ ከሳምንት ወደ ሳምንት ያንሳል፣ ማናጀሩ ይለቅቃል፣ በመጨረሻ መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ከአሻንጉሊት ትርዒት ጋር አብረው ይቀርባሉ። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የአሻንጉሊቶቹ ስም ከነሱ ስም በላይ ነው። ያ ሰሌዳ ለብቻው ሲታይ ፈገግ ያሰኛል። ከሰዓት በላይ አብሯቸው ለወረደ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው።

እንግሊዝኛችሁ ጥሩ ቢሆንም የእንግሊዝኛውን ሰብታይትል ክፈቱ። ንግግሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ኮንሰርቱ ደግሞ ይጮኻል። ድምፁን ለወሬው ብላችሁ ከፍ ስታደርጉ ቀጥሎ የሚመጣው ዘፈን ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ቴሌቪዥናችሁ ወይም ሳውንድ ባራችሁ «ናይት ሞድ» የሚባል ማስተካከያ ካለው እሱን ተጠቀሙ፤ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ድምፅ ያቀራርባል። እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን የቴሌቪዥን ማስተካከያም አጥፉት። ፊልሙ በ16 ሚሊሜትር፣ በእጅ በተያዘ ካሜራ የተቀረጸ ነው፤ ማለስለሻው ሲበራ የቴሌቪዥን ድራማ ያስመስለውና ዘጋቢነቱን ይገድለዋል።

የመዝጊያው ስም ዝርዝር ሲጀምር አትነሡ። ቃለ መጠይቁ በስሞቹ መሀል ይቀጥላል፤ ከፊልሙ ምርጥ መልሶች አንዳንዶቹም እዚያ ናቸው።

ሳያውቁት የሚያልፉ ቀልዶች

ሮክን ተከትሎ ላላደገ ተመልካች ጥቂት ነገር አስቀድሞ መናገር ፊልሙን አያበላሽም። ይልቅ አለመናገሩ ነው የሚያበላሸው።

ስቶንሄንጅ እንግሊዝ አገር ያለ የጥንት የድንጋይ ክበብ ነው። ናይጀል የዚህን ድንጋይ አምሳያ መድረክ ላይ ማውረድ ይፈልግና ናፕኪን ላይ ይሥላል። በእንግሊዞች ልኬት አጻጻፍ ከቁጥሩ ጎን አንድ ጭረት ጫማ ማለት ነው፣ ሁለት ጭረት ደግሞ ኢንች። ናይጀል 18 ጫማ ሊል ፈልጎ ሁለት ጭረት ያደርጋል። 18 ጫማ አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ 18 ኢንች 46 ሴንቲ ሜትር፣ ጉልበት የማይደርስ። የሠራችው ሴት የተሰጣትን ልኬት አክብራ ሠርታለች፤ ጥፋት የለባትም። በሜትር የሚያስብ ሰው ይህን የጭረት ጉዳይ ካላወቀ ትዕይንቱ «ድንጋዩ ትንሽ ሆነ» ብቻ ሆኖ ይቀርበታል። የሚገርመው ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት በ1983 እውነተኛው የሮክ ባንድ ብላክ ሳባዝ በቱሩ ላይ የስቶንሄንጅ ዲኮር አሠርቶ፣ በጫማና በሜትር መምታታት የተነሣ አዳራሾቹ የማይችሉት ግዙፍ ሆኖበት ተቸግሯል። የፊልሙ ቀልድ ግን ከዚያም ቀድሞ በ1982 በተሠራው የሙከራ ፊልም ውስጥም ስለነበረ ከእነሱ የተወሰደ አይደለም።

የአምፑ (የጊታር ድምፅ ማጉያው) ቁልፍ ደግሞ አለ። ናይጀል የእሱ አምፕ እንደ ሌሎቹ እስከ 10 ሳይሆን እስከ 11 እንደሚሄድ በኩራት ያሳያል። ዘጋቢው ለምን 10ን ራሱን ከፍ አታደርጉትም ሲለው ፊቱ ላይ የሚያልፈውን ዝምታ ተመልከቱ፤ የፊልሙ ልብ እዚያ ነው። ለሙዚቀኛ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለሌላው፦ ቁልፉ ላይ ያለው ቁጥር ቀለም ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው ፖቴንሽዮሜትር ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዞረው 300 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጫፉ ላይ 10 ብትጽፉም 11 ብትጽፉም የሚወጣው ድምፅ ያው ነው። ይህን የሚያውቁት ሰዎች ናቸው በጣም የወደዱት። ማርሻል ኩባንያ በኋላ ጄሲኤም 900 የተባለውን አምፕ ቁጥሩ እስከ 20 እንዲሄድ አድርጎ ራሱን ናይጀልን ማስታወቂያ አሠርቶታል። የቢቢሲ አይፕሌየር የድምፅ መቆጣጠሪያም እስከ 11 ይሄዳል።

የድራመሮቹ ሞት ከየትም አልመጣም። የዘ ሁ ድራመር ኪት ሙን በ1978፣ የሌድ ዜፕሊኑ ጆን ቦናም በ1980 ሞተዋል፤ የቦናም ሞት ሌድ ዜፕሊንን በትኗል። ፊልሙ ሲሠራ ይህ ትኩስ ሐዘን ነበር። የባንዱ ድራመሮች አንዱ በአትክልት ሥራ አደጋ፣ ሌላው ድንገት በራሱ ተቀጣጥሎ መሞታቸው የሚያስቀው አባላቱ ነገሩን እንደ ተራ የሥራ ጸባይ ስለሚያወሩት ነው።

ናይጀል ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ዲ ማይነር ከሙዚቃ ቁልፎች (ዜማ ከሚነሣባቸው ድምፆች) ሁሉ የሚያሳዝነው ነው የሚልበት ቦታም አለ። ትዝታ ሲሰማ ያደገ ሰው ሐዘኑ ያለው በቅኝቱ እንጂ በየትኛው ድምፅ ላይ መነሣቱ ላይ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ስለዚህ የናይጀል እርግጠኝነት ለኛ ጆሮ እጥፍ ያስቃል። ከዜማው ውበት በኋላ የዘፈኑን ስም ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ግን እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

ስለዚህም፦ ይህ ከእናትና ከአባት ጋር፣ ወይም ልጆች ባሉበት የሚታይ ፊልም አይደለም። ስድብ አለ፣ ግጥሞቹ አብዛኛው ወሲባዊ ናቸው፣ የአልበሙ ሽፋን ጉዳይና የኤርፖርት ፍተሻው ትዕይንት አሉ። አሜሪካ ውስጥ የተሰጠው ደረጃ አር ነው። ቤተሰብ ለተሰበሰበበት ምሽት ከታች የምናነሣቸው «ኤ ማይቲ ዊንድ» ወይም «ዘ ራትልስ» ይሻላሉ።

የትኛው እትም?

ለአንድ ጊዜ ለማየት ከሆነ በምትኖሩበት አገር በኪራይ የሚገኘው ዲጂታል ቅጂ ይበቃል፤ ከዚህ በታች ያለውን ዝለሉት። ደጋግማችሁ የምታዩት ከሆነ ግን እትሞቹ በምስል ጥራት ከሚለያዩት በላይ በተጨማሪዎቹ ይለያያሉ። 16 ሚሊሜትር ፊልም የቱንም ያህል ቢታደስ ጥራጥሬው ይኖራል፤ መኖርም አለበት። ዋጋ የምትከፍሉት ለተቆረጡት ትዕይንቶችና ፊልሙ እየሄደ ለሚሰማው የድምፅ ማብራሪያ ነው።

የፊልም ዲስክ አሳታሚው ክራይቴሪየን በ1994 በሌዘር ዲስክ፣ በ1998 ደግሞ በዲቪዲ አውጥቶት ነበር። በዚያ እትም ላይ ሦስቱ ተዋናዮች እንደ ራሳቸው ሆነው ይናገራሉ፤ በሌላ ትራክ ደግሞ ራይነር፣ ፕሮዲውሰሯ ካረን መርፊና ኤዲተሮቹ አሉ። ዲቪዲው ወዲያው መታተም አቁሞ የሰብሳቢዎች ዕቃ ሆነ። ፊልም መሥራት ለሚማር ሰው የኤዲተሮቹ ትራክ ወርቅ ነው፤ ያንን ሁሉ ወሬ ወደ 82 ደቂቃ እንዴት እንዳወረዱት ይናገራሉ።

ኤምጂኤም በ2000 ያወጣው ዲቪዲ ፈጽሞ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። እዚህ ማብራሪያውን የሚሰጡት ናይጀል፣ ዴቪድና ዴሪክ ናቸው፤ ገጸ ባሕርያቱ ራሳቸው ፊልሙን እያዩ ዲቤርጊ ስማችንን አጠፋው እያሉ ያማርራሉ። ሁለተኛ ፊልም ማለት ይቻላል፤ በብዙ አፍቃሪዎች ዘንድ ከተከታዩ ፊልም ይበልጣል፤ እኛም በዚህ እንስማማለን። ከአንድ ሰዓት በላይ የተቆረጡ ትዕይንቶችም አሉት። በ2009 ብሉሬይ ተከተለ።

በ2025 ክራይቴሪየን በ4ኬ አዲስ እድሳት መልሶ አወጣው፤ የቀድሞዎቹ ማብራሪያዎች አንድ ላይ የተሰበሰቡት በዚህ ነው፤ የ1982ቱ የ20 ደቂቃ የሙከራ ፊልምም አለበት። አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ይህን ግዙ። ያገለገለው የኤምጂኤም ዲቪዲ በርካሽ ከተገኘ ግን አትናቁት፤ የገጸ ባሕርያቱን ማብራሪያ ለመስማት ብቻ ይበቃል።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚሠራ የሚወስነውን የክልል ኮድ ተመልከቱ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። የአሜሪካ ዲቪዲ ክልል 1 ነው፣ አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ክልል 2፣ ኢትዮጵያ ክልል 5። በብሉሬይ አሜሪካ ኤ ነው፣ አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅና አፍሪካ ቢ። ክራይቴሪየን አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ብሉሬይ ኤ ስለሆነ ዘመድ ከዋሽንግተን ቢልክላችሁ አዲስ አበባ ወይም ቴል አቪቭ የተገዛ ተራ ማጫወቻ ላይቀበለው ይችላል። 4ኬ ዲስክ ግን የክልል ገደብ የለውም፤ 4ኬ ማጫወቻ ካለ የትም ይሠራል። ችግሩ በጥቅሉ ውስጥ ሁለት ዲስክ መኖሩ ነው፦ 4ኬው ይከፍታል፣ አብሮት ያለው ብሉሬይ ላይከፍት ይችላል፤ ተጨማሪዎቹ ደግሞ ብሉሬዩ ላይ ናቸው። ሁሉን ክልል የሚቀበል ማጫወቻ ከሌላችሁ ይህን አስቡበት።

አሮጌ የአውሮፓ ዲቪዲ የምትገዙ ሌላም ነገር አለ። ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ነው፤ ፓል በሚባለው የአውሮፓ አሠራር የተሠራ ዲቪዲ 25 ያጫውታል። ስለዚህ ፊልሙ 4 በመቶ ይፈጥናል፤ 82 ደቂቃው ወደ 79 ይወርዳል፤ ድምፁ ካልተስተካከለም ከግማሽ ድምፅ ትንሽ ባነሰ መጠን ወደ ላይ ይወጣል። ለድራማ ማንም አያስተውለውም። ስለ ሙዚቃ ለሆነ ፊልም፣ በተለይ ጊታር ይዛችሁ አብራችሁ ለመጫወት ካሰባችሁ፣ ከምንም ጋር አይገጥምም። ያ ከሁሉ ያሳዝናል የተባለው ዲ ማይነርም ወደ ኢ ፍላት ማይነር ይጠጋል።

በአፍቃሪዎች መካከል የሚዘዋወር አራት ሰዓት ተኩል የሚሆን ሕገ ወጥ ቅጂም አለ፤ ያልተጠናቀቀ የኤዲቲንግ ቅጂ ነው። በስሙ ብቻ የሚያጓጓ ነው፤ ግን በመጀመሪያ የሚታይ አይደለም። ቀልዶቹ ሳይቆረጡ ሲረዝሙ እንዴት እንደሚሞቱ ያሳያል፤ የኤዲተሮቹን ችሎታ የሚመሰክር ሰነድ ነው እንጂ ፊልም አይደለም። ከዚያም በላይ የገንዘቡ ጉዳይ አለ። ሃሪ ሺረር በ2016 የፊልሙን መብት የያዘውን ኩባንያ ቪቬንዲን ሲከስ፣ በክሱ እንደተባለው በሂሳብ መግለጫው መሠረት የአራቱ ፈጣሪዎች ድርሻ ከ1984 እስከ 2006 ከሸቀጥ ሽያጭ 81 ዶላር፣ ከ1989 እስከ 2006 ከሙዚቃው 98 ዶላር ብቻ ነበር። ሦስቱ ባልደረቦቹም ክሱን ተቀላቀሉ፤ በ2020 ስምምነት ተደርሶ መብቱ ወደ ፈጣሪዎቹ ተመለሰ። ለአርባ ዓመት ያሳቃችሁን ሰው በሕጋዊ ቅጂ ማመስገን ይቻላል።

ቀጥሎ የሚታየው በእናንተ ጣዕም ይወሰናል

ሌሎቹን ፊልሞች በሁለት ነገር መመዘን ይጠቅማል። አንደኛ፣ ዘፈኖቹ ያለ ፊልሙ ይሰማሉ ወይ? ሁለተኛ፣ ሰዎቹ እርስ በርስ ይዋደዳሉ ወይ? ስፓይናል ታፕን ዘላቂ ያደረጉት እነዚህ ናቸው። ሦስቱ ተዋናዮች በእርግጥ የሚጫወቱ ሙዚቀኞች ናቸው፤ ዴቪድና ናይጀል ደግሞ ከልጅነት ጓደኝነት የተነሣ የተጣሉ ጊዜ ተመልካቹም ይከፋዋል። ሁለቱን ያላሟላ ፊልም አንዴ ያስቃል፣ ሁለተኛ አይታይም።

ቢትልስን ለሚወድ፣ «ዘ ራትልስ»። በ1978 በአሜሪካ ኤንቢሲ ቴሌቪዥን የቀረበ ሲሆን ኤሪክ አይድል ጽፎ ከጋሪ ዋይስ ጋር ዳይሬክት አድርጎታል። ዘፈኖቹን የሠራው ኒል ኢነስ ነው፤ ከቢትልስ ዘፈኖች ጋር እጅግ ከመመሳሰላቸው የተነሣ የመብቱ ባለቤት ጠይቆ ከገቢው ተካፍሏል። ጆርጅ ሃሪሰን ራሱ ጋዜጠኛ ሆኖ ብቅ ይላል፤ ሚክ ጃገርና ፖል ሳይመን ስለማይኖር ባንድ ኮስተር ብለው ይመሰክራሉ። በመጀመሪያው መለኪያ ከስፓይናል ታፕ ጋር እኩል ይቆማል። በሁለተኛው ግን ይወድቃል፤ አራቱ ሰዎች ካርታ ላይ እንዳሉ ምስሎች ናቸው፣ አታዝኑላቸውም። የቢትልስን ታሪክ የማያውቅ ሰው ግማሹ ያመልጠዋል።

ሻካራ የእንግሊዝ ቀልድ ለሚወድ «ባድ ኒውስ ቱር» አለ፤ በጃንዋሪ 1983 በቻናል 4 የታየ ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ሥራ ነው። ሪክ ማዮልና ኤድሪያን ኤድመንድሰን ያሉበት ባንድ በቫን ወደ አንድ ትንሽ ከተማ ሄዶ መጫወት ብቻ ነው ታሪኩ። ስፓይናል ታፕ ወድቀው የሚያዩት ከፍታ ነበራቸው፤ እነዚህ ከመጀመሪያውም ምንም የላቸውም። በኋላ በ1986 ዶኒንግተን ላይ በሞንስተርስ ኦፍ ሮክ ፌስቲቫል በእውነት ወጥተው ጠርሙስ ተወርውሮባቸዋል። አጭር ስለሆነ ከዋናው ፊልም በፊት ለማሟሟቂያ ይሆናል።

«ኤ ማይቲ ዊንድ» (2003) ከሁሉም ይልቅ ለአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ የሚመች ይመስለናል። ክሪስቶፈር ጌስት ዳይሬክት ያደረገው፣ ከዩጂን ሌቪ ጋር የጻፈው ነው። አንድ የፎክ ሙዚቃ አዘጋጅ ይሞታል፤ ልጁ የአባቱን የቀድሞ ባንዶች ኒው ዮርክ ታውን ሆል ለመታሰቢያ ይሰበስባል። ስፓይናል ታፕን የተጫወቱት ሦስቱ ሰዎች እዚህ ፎክስመን የተባሉ አረጋውያን ዘፋኞች ናቸው፤ ያው ሦስት ድምፅ፣ ያው ፍቅርና ጭቅጭቅ፣ ያለ ስድቡ። የቀድሞ ፍቅረኞች የሆኑት ሚችና ሚኪ ያንን አንድ ዘፈን መድረክ ላይ ሲዘፍኑ እንደ ድሮው ይሳሳሙ ይሆን ወይ የሚለው ጥያቄ አዳራሹን ሁሉ ትንፋሽ ያሳጣዋል። ያ ዘፈን ማይክል መኪንና ባለቤቱ አኔት ኦቱል የጻፉት ሲሆን ለኦስካር ታጭቷል። ሳቁ ከ1984ቱ ያንሳል፤ ልብ ግን ይበልጣል። አንጋፋ ድምፃውያን ከብዙ ዓመት በኋላ መድረክ ላይ ሲገናኙ ያየ ሰው ይገባዋል።

«ፊር ኦፍ ኤ ብላክ ሃት» በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወጣ የሂፕ ሆፕ አቻው ነው፤ ረስቲ ከንዲፍ ጽፎ፣ ዳይሬክት አድርጎ ተጫውቶበታል። እዚህ የሚሞቱት ድራመሮች ሳይሆኑ ማናጀሮች ናቸው። ሮክ የማይነካችሁ ራፕ ግን የምታውቁ ከሆነ፣ ደንቡን ጥሰን እንናገር፣ ከዚህኛው ብትጀምሩም አያስኮንንም።

«ሃርድ ኮር ሎጎ» (1996) ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የካናዳው ብሩስ ማክዶናልድ ሥራ ነው፤ የተበተነ የፓንክ ባንድ ተሰብስቦ ምዕራብ ካናዳን በቫን ያቋርጣል። ብዙ ዝርዝር ላይ ከአስቂኞቹ ጋር ይቀመጣል። አጀማመሩም ያስቃል፤ መጨረሻው ግን ከባድ ነው፣ ደም አለበት። ለሳቅ ለተሰበሰበ ቡድን አትክፈቱት። በሁለቱ መለኪያዎች ከሆነ ግን ለስፓይናል ታፕ እጅግ የሚቀርበው እሱ ነው፤ በሁለቱ ጊታር ተጫዋቾች መካከል ያለው ነገር ያው የናይጀልና የዴቪድ ነገር ነው፣ ማላገጡ ተነሥቶለት።

አንድ እውነተኛ ዘጋቢ ፊልም በዚህ ዝርዝር ውስጥ መግባቱ ግድ ነው፦ «አንቪል» (2008)። የካናዳ የሄቪ ሜታል ባንድ ነው፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስም ነበረው፣ ከዚያ ተረሳ፣ አባላቱ ግን አላቆሙም። ዳይሬክተሩ ሳቻ ገርቫሲ ወጣት ሳለ ከባንዱ ጋር ዕቃ ተሸክሞ ዞሯል። የአውሮፓ ቱራቸው ላይ ባቡር ያመልጣቸዋል፣ ባዶ አዳራሽ ይጠብቃቸዋል፣ የሠሩበት ይከለከላሉ። የድራመሩ ስም ሮብ ራይነር ነው፤ ከ1984ቱ ዳይሬክተር ጋር ምንም ዝምድና የለውም፣ ስሙ በእውነት ይኸው ነው። ስቶንሄንጅንም ይጎበኛሉ። መጨረሻቸውም እንደ ስፓይናል ታፕ ጃፓን ነው። ከ1984ቱ ፊልም በኋላ ባለው ሳምንት ውስጥ ማየት ነው የሚበጀው፤ ቀልዱ ትኩስ ሆኖ ሳለ እውነተኞቹ ሰዎች በዚያው መንገድ ሲሄዱ ማየት የተለየ ስሜት አለው።

ተከታዩ ፊልምና ሙዚቃው

በሴፕቴምበር 2025 የወጣው «ስፓይናል ታፕ ሁለት» ለመጀመሪያ ተመልካች የተሠራ አይደለም። ማናጀሩን የተጫወተው ቶኒ ሄንድራ በ2021 ስለሞተ፣ ታሪኩ የማናጀሩ ልጅ በወረሰችው ውል ምክንያት ባንዱ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ አንድ የመጨረሻ ኮንሰርት የማሳየት ግዴታ ይገባል የሚል ነው። ፖል መካርትኒና ኤልተን ጆን አሉበት። ቀልዱ አብዛኛው «ያን ታስታውሳላችሁ?» በሚል ላይ የቆመ ስለሆነ፣ የሚያስታውሰው የሌለው ሰው ይሰለቸዋል። የሚወዷቸው ግን ሰዎቹ አርጅተው እንኳ ጊታሩን ሲያነሡ ያው መሆናቸውን ለማየት ይሄዳሉ፤ ለዚህ ይበቃል። ከመጀመሪያው ፊልም ጋር በአንድ ምሽት አታያይዙት፤ ፍጥነቱ ስለሚለይ ሁለተኛው ይጎዳል።

ከዘፈኖቹ የ1984ቱ ሳውንድትራክ ይቀድማል፤ አጭር፣ ጥፍጥ ያለ ነው። ጊታር ለሚያሳድድ ጆሮ የ1992ቱ «ብሬክ ላይክ ዘ ዊንድ» ይሻላል፤ ጄፍ ቤክ፣ ስላሽ፣ ጆ ሳትሪያኒና ስቲቭ ሉካተር ተጫውተውበታል፣ ሼርም ዘፍናበታለች። የ2009ኙ «ባክ ፍሮም ዘ ዴድ» የድሮዎቹን እንደገና የቀረጹበት ስለሆነ በብዛት የሰብሳቢ ነው።

ባንድ ላላችሁና አንድ ዘፈናቸውን መሞከር ለምትፈልጉ፣ «ቢግ ቦተም» የተሻለው መግቢያ ነው። ጊታር የለውም፤ ሦስቱም ቤዝ ይጫወታሉ። ብዙ አማተር ባንድ የሚበላሽበት እዚህ ነው፦ ሦስት ቤዝ በአንድ ድምፅ ከፍታ ሲገባ ጭቃ ይሆናል። አንዱ ብቻ ዝቅተኛውን ይያዝ፤ ሁለተኛው አንድ ኦክታቭ ከፍ ይበል፤ ሦስተኛው ዲስቶርሽን ጨምሮ ዝቅተኛውን ድምፅ ከአምፑ ላይ ይቀንስ። ላይቭ ኧርዝ ላይ ዌምብሌይ ውስጥ በዚህ ዘፈን ጊዜ መድረኩ በቤዝ ተጫዋቾች ተሞልቶ ነበር፤ ያኛውን ቅጂ ስትሰሙ ምን ያህል ጭቃ እንደሆነ፣ ማንም ግን እንዳልከፋው ትሰማላችሁ።